ገና ያልዞረችው ሴት

ንፋስ መውጫ ውስጥ ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን ጽፋ የምታነበው መምህርት ካሣነሽ አድማሱ ናት። ለዚህ ሥራ ማንም አልሾማትም። አንድ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሲሞት ጽፋ አነበበች፤ ሴቶቹ ተንሰቀሰቁ፣ ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ከዚያ ወዲህ እድሩ ሬሳው ሳይገነዝ የእሷን በር ያንኳኳል። ደግሞ ታውቅበታለች። ዕድሜውን ሙሉ ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ክንድ መሬት ሲካሰስ የኖረውን ሰውዬ «ለመብቱ የማይተኛ» ብላ ሸኝታዋለች። ምራቷን ስታስለቅስ የኖረችውን ባልቴት «በቤቷ ሥርዓት ወዳድ» ብላታለች። ሰዉም በነጠላው ሥር ፈገግ ይልና መልሶ ያለቅሳል። ማንም ውሸታም ናት አይላትም፤ ሟችን ጥሩ ልብስ አልብሶ መሸኘት ምን ክፋት አለው?

በ2006 ዓ.ም. በጥቅምት መጨረሻ፣ የእድሩ ዳኛ ጋሽ አንዳርጌ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል ሲገቡ ካሣነሽ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ለምን እንደመጡ ገባት። ጠመኔ የነካውን እጇን በጋውኗ ጠረገች። ጠረገችና ደግማ ጠረገችው።

«ካሣነሽ ልጄ፣» አሉ ጋሽ አንዳርጌ፣ «የሠዓሊውን የመንግሥቴን አርባ ኅዳር ሰባት ቅዳሜ ልናወጣ ነው። ሲቀበር አንቺን አሞሽ ስለነበር ታሪኩ ሳይነበብ ቀረ። እንደዚያ ያለ ሰው ዝም ተብሎ አፈር ሲለብስ እኛ አፍረናል። ደግሞ የመጨረሻው ሥዕሉ መጋረጃ በዚያው ዕለት ይነሣል። ከሥዕሉ ፊት ቆመሽ ታነቢልናለሽ።»

«እሺ፣ ጋሼ» አለች። ሌላ ምን ትላለች? እምቢ ብትል ለምን ይባላል፤ ለምን የሚለውን ጥያቄ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ስትሸሸው ኖራለች። ጋሽ አንዳርጌ አመስግነው ሲወጡ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። 

መስከረም ሃያ ስምንት፣ ሠዓሊው በሞተ ዕለት፣ አላመማትም። በሯን ቆልፋ ብርድ ልብስ ተከናንባ የዋለችው ፈርታ ነው። ሞቱን ስትሰማ መጀመሪያ የመጣባት ሐዘን አልነበረም፤ እፎይታ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበላት። ወዲያው ግን «ለሰው ነግሮ ሞቶ ቢሆንስ?» የሚል ሐሳብ ገባባትና እፎይታውን አነቀው።

የፈራችው ልጇን እንዳታጣ ነው። ልጇ ስንል ማሬን ነው፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ካሣነሽ አልወለደቻትም፤ የእኅቷ የርብቃ ልጅ ናት። ይህን ከተማው ያውቃል፣ ማሬም ታውቃለች። ርብቃ ሠርታ ልጇን ልታሳድግ ቤሩት ሄዳ እዚያው እንደቀረችም ከተማው ያውቃል፣ ማሬም ታውቃለች። ይኸኛው ግን ውሸት ነው። እውነቱን ከሚያውቁት ከሁለት ሰዎች አንዱ አሁን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተቀብሯል። የቀረችው እሷ ናት።

እውነቱ ይህ ነው። በ1994 ዓ.ም. በሐምሌ፣ ካሣነሽ ከስማዳ፣ ከወገዳ መጥታ በንፋስ መውጫ ከተቀጠረች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። ያን ጊዜ ስለ ኤድስ የሚወራው ወሬ ጤነኛውን ያሳብድ ነበር። አንዱ በትንፋሽ ይይዛል ይላል፣ ሌላው በላብ። በሽተኛ የተቀመጠበትን በርጩማ አውጥቶ ያቃጠለ ሰው ነበር፤ አቃጠለ ተብሎም ማንም አልነቀፈውም። እንዲህ ባለ ጊዜ ነው ርብቃ ከመተማ የመጣችው፤ ከስታ፣ ጠቁራ፣ ሁለት ዓመት ያለፋትን ሕፃን በጀርባዋ አዝላ፣ ሐምሌ አናቷ ላይ እየወረደባት። ካሣነሽ በሩን ገርበብ አድርጋ እኅቷን አየቻት። አላወቀቻትም ነበር ማለት ትችላለች፤ ግን ገና ስታያት አውቃታለች።

«ልጅቷን ስጪኝ» አለቻት። «አንቺ ግን አትግቢ።»

ርብቃ አልለመነችም። ብትለምን፣ ብትሳደብ ይሻል ነበር። አንቀልባውን ፈትታ ሕፃኗን በበሩ ክፍተት አሳልፋ ሰጠች፤ ጥቂት ቃል ተናገረች፤ ካሣነሽ ያን ቃል ከዚያ ወዲህ ለማንም ነግራ አታውቅም። በሩን ልትገፋው ስትል ከርብቃ ኋላ መንገዱ ላይ ሰው ቆሟል። ሠዓሊው መንግሥቴ ነው፤ የቀለም ጣሳዎቹን በገመድ አንጠልጥሎ፣ ላስቲክ ለብሶ፣ ከጤና ጣቢያው ግንብ ላይ ሲጽፍ ውሎ መመለሱ ነው። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ካሣነሽ በሩን ዘጋችው። በቀዳዳው አጮልቃ ስታይ ሰውየው ላስቲኩን አውልቆ እኅቷን ሲያለብሳት፣ ጣሳዎቹን እዚያው ጭቃው ላይ ትቶ ደግፏት ሲሄድ አየች።

ጋሽ መንግሥቴ ያኔም እንዲህ ያሉትን ያስታምም ነበር። ሚስት አላገባም፤ ሁለት ክፍል ቤት ነበረው፤ በአንደኛው ቀለሙ፣ በሁለተኛው ማንም የማይነካቸው ሰዎች ይተኙ ነበር። ርብቃን አምሳ ቀን አስታመማት። ጳጉሜን ሁለት ሞተች። እሱና ሌሎች ሦስት ሰዎች ተሸክመው ወሰዷት፤ ቄሱም በክርስትና ስሟ፣ «ወለተ ሥላሴ» ብለው ፍትሐት አደረሱላት። በእኛ ነፍስ የምትሸኘው በክርስትና ስሟ ነውና የማን እኅት ናት፣ የማን ልጅ ናት ብሎ የጠየቀ የለም። ካሣነሽ አስከሬኑ በደጇ ሲያልፍ በመስኮቷ አየችው። ሕፃኗን እህል እያጎረሰቻት ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የባሰውን አደረገች። ስለ ርብቃ የሚጠይቃት ሲበዛ «ከቤሩት ተደወለ» ብላ ለቅሶ ተቀመጠች። ድንኳን ተተከለ፣ ሰው መጣ። በሦስተኛው ቀን ጋሽ መንግሥቴም መጣና ጥግ ላይ ተቀመጠ። ሊሄድ ሲነሣ አጠገቧ መጥቶ ጎንበስ አለ። «እግዜር ያጽናሽ፣ ካሣነሽ። የወለተ ሥላሴን ነፍስ ይማር» አላት፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ሰውነቷ እንደ ወባ ታማሚ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሴቶቹ ሐዘኑ ነው ብለው ደገፏት፣ ውሃ ረጩባት።

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ባገኘችው ቁጥር የሚጠይቃት አንዲት ነገር ነበረች፤ «ማሬ ደኅና ናት?» ብቻ። ዘጠኝ ዓመት ሌላ ቃል አልጨመረም። እሷ ግን ነገ ይጨምራል እያለች፣ ከሩቅ ባርኔጣውን ስታይ በሌላ ቅያስ ትታጠፍ ነበር። የርብቃን ፎቶዎችም አቃጠለቻቸው፤ ሦስት ብቻ ነበሩ። የታመመችውን ያየ ሰው ቢያያቸውስ ብላ ነው። ልጅቷ አደገችና «እናቴ ምን ትመስል ነበር?» ስትላት «ቆንጆ ነበረች» ትላታለች። «ማንን ትመስላለች?» ስትላት ግን ሥራ ይበዛባታል።

እንግዲህ የዚህን ሰው ታሪክ ነው ጻፊ የተባለችው።

ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ደብተሯን ይዛ ወደ ደብሩ መሪጌታ፣ ወደ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ሄደች። መሪጌታ ከሠዓሊው ጋር በልጅነታቸው ቤተ ልሔም በሚባለው የድጓ ትምህርት ቤት አብረው ዜማ የተማሩ ናቸው። ከቤታቸው ደጅ፣ ገብስ ከተሰጣበት ሰሌን አጠገብ አስቀመጧትና ሳትጠይቃቸው ጀመሩ።

«እስቴ ነው የተወለደው፤ ጻፊ። በአሥር ዓመቱ ቤተ ልሔም መጣ። ድምፁ የቁራ ነበር፣ ይህን አትጻፊ። መምህራችን 'አንተ ልጅ፣ ጉሮሮህ ከሚያስቸግረን እጅህን እንይ' ብለው ሥዕል ለሚሥሉ አንድ አባት ሰጡት። ከዚያ በኋላ ያልሣለበት ደብር፣ ያልጻፈበት ሱቅ የለም። የትምህርት ቤታችሁ ግንብ ላይ ያለውን ካርታ በነጻ የሣለው እሱ አይደል? ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ሰብስቦ የሚያስተምረውስ? ያንቺም ልጅ ነበረች።»

«ነበረች» አለች ካሣነሽ። ብትከለክላት ለምን ይባላል ብላ ነው የላከቻት። ብዕሯ ወረቀቱን በሳው።

«የመጨረሻው ግን ሌላ ነው። ከሴቶች መቆሚያ ፊት ለፊት፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የምጽአትን ቀን ነው የሣለው። መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ስለሆንኩ ቀድሜ አይቸዋለሁ፤ ሌላ ሰው እንዳያይ ተናዟል። ሰዎቹ እኮ የእኛው ሰዎች ናቸው! ያስታመማቸውን ሁሉ ሣላቸው፣ በየክርስትና ስማቸው። ሁሉም በጌታ ቀኝ ናቸው፣ ፊት ለፊት ያዩሻል። ታውቂ የለ፣ ሠዓሊ ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሥለዋል። ኃጥኡን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ኃጥእ ሰው ቀጥ ብሎ አያይማ።»

ካሣነሽ ልትጠይቅ አልፈለገችም። አፏ ግን ጠየቀ። «በግራስ?»

«በግራ ብዙ ነው። ሰይጣኑም አለ። አንዲት ሴት ደግሞ አለች፤ በር የምትዘጋ። እሷ እንኳ ዓይኗም አይታይ።»

ገብሱ፣ ሰሌኑ፣ የመሪጌታ ነጭ ጥምጥም፣ ሁሉም ዞረባት። ዓይኗ አይታይም? ለኃጥእ እንኳ አንድ ዓይን ይሰጠዋል፤ ለእሷ እሱንም ነፍጓታል ማለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ዝም ያለው ለዚህ ኖሯል። ቃል ሳያወጣ፣ የማይፋቅ ቦታ ላይ ጽፎባት፣ ከተማው ተሰብስቦ እንዲያነበው ቀን ቆርጦ ሄደ። የርብቃ ልጅም ከፊት ቆማ ታየዋለች። ደብተሯን እንዴት እንደሰበሰበች፣ መሪጌታን እንዴት እንደተሰናበተች አታውቅም። ባጃጅ ሊገጫት ሲል ነጂው ሲሰድባት ነው ዋናው መንገድ ላይ መሆኗን ያወቀችው።

ረቡዕ ልትሸሽ ሞከረች። ምሳ ላይ ማሬን «ዓርብ ወገዳ እንሄዳለን፣ አጎቴን አሞታል» አለቻት።

«የትኛው አጎትሽ?» አለች ማሬ። «እቴቴ ደግሞ! ቅዳሜ መዝሙር አለብኝ እኮ። ጋሽ መንግሥቴ ነው እርሳስ አያያዝ ያስተማረኝ፣ አርባውን ትቼ የት እሄዳለሁ? አንቺስ ታነቢ የለ እንዴ?» ከዚያ ጎንበስ ብላ አየቻት። «ምነው እጅሽ? ብርጭቆውን ደፋሽው እኮ።»

ልጅቷ ጨርቅ አምጥታ ጠረጴዛውን ስትወለውል ካሣነሽ ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ ስታስብ የታችኛ ከንፈሯን የምትነክስበትን አኳኋን አየች። ከሦስት ቀን በኋላ ይህች ልጅ በዚህ ዓይን ምን አድርጋ ታየኛለች?  ማሬ ልብሷን በላስቲክ ከረጢት ይዛ ከደጅ ስትወጣ ታያት። ወደ ማን እንደምትሄድ አልታያትም። መውጣቷ ብቻ ነው የታያት።

ሐሙስ ሲነጋ ሌላ መንገድ አገኘች፤ መንገድ ከተባለ። ከሱቅ ምላጭ ገዛች። ባለ ሱቁ «ለእርሳስ መቅረጫ ነው፣ መምህርት?» ሲላት «አዎ» አለችው። ምላጩን በወረቀት ጠቅልላ የሠዓሊውን ታሪክ በጻፈችበት ደብተር መካከል አስቀመጠችው። «በጎ አድራጊ፣ ታማሚን አስታማሚ» ከሚለው ገጽ ላይ ነው ያረፈው። ይህን አይታ አልሳቀችም።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ሴቶቹ ለነገው አርባ ቤተ ክርስቲያኑን ሲጠርጉ እሷም መጥረጊያ ይዛ ገባች። አገልግሎት እንደ ወደደች ሴት ከሁሉም በላይ ጠረገች። ምንጣፉን ሊያራግፉ ሲወጡ እሷ «ጥጉ ይቀረኛል» ብላ ቆየች። ድምፃቸው ከደጅ ሲርቅ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወደ መጋረጃው ሄደች። በባዶ እግሯ ነበር፤ ድንጋዩ ይቀዘቅዛል።  ቤተ መቅደስ ውስጥ ምላጭ ይዛ ቆማለች፣ ካሣነሽ፣ የአድማሱ ልጅ። እናቷ ይህን ብታይ ምን ትል ነበር? የመጋረጃውን ዳር ይዛ ገለጠችው።

በሩን አገኘችው። ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ከታች የበሰበሰ፤ የራሷ የኪራይ ቤት በር ነው። ሴትየዋም አለች። አረንጓዴ ሹራብ ለብሳለች፤ ያን ሹራብ ካሣነሽ ከዚያ ቀን በኋላ ለብሳው አታውቅም። ፊቷ ግን የለም። ሠዓሊው የሣላት ከጀርባዋ ነው፤ እጇ በሩ ላይ፣ ፊቷ ወደ ውስጥ፣ ለሚያያት ሰው ሹራብና ሻሽ ብቻ።

ትንፋሿ መለስ አለ። ማንም አያውቃትም! የትኛዋም ሴት ልትሆን ትችላለች። ይህን ሁሉ የፈራችው በከንቱ ኖሯል። ልትስቅ ምንም አልቀራት። መጋረጃውን ልትለቀው ስትል ግን ዓይኗ ወደ ጌታ ቀኝ፣ ወደ ዳኑት ሄደ።

ማሬ እዚያ አለች።

አልጋ ላይ ተጋድማለች፣ በነጭ ጋቢ ተሸፍናለች፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ፊት ለፊት ታያታለች። ግንባሯ የማሬ፣ ቅንድቧ የማሬ፣ የታችኛ ከንፈሯን ነክሳለች። ከራስጌዋ በቀይ ቀለም «ወለተ ሥላሴ» የሚል ተጽፏል። ርብቃ ናት። ሠዓሊው ሲያስታምማት ከነበረው ፊት በሽታውን አንሥቶ ጥሎ የቀረውን ነው የሣለው፤ የቀረው ደግሞ ልጅቷ ሆነ። ይህን ሥዕል ያየ ሰው ማሬን ዞሮ ያያል። ማሬን ያየ ሰው ይጠይቃል። ከተማው እንደሆነ መጠየቅ ከጀመረ ጥግ ሳያደርስ አይተውም።

ስለዚህ የሚፋቀው በር የያዘችው ሴት አይደለችም። የሚፋቀው ይህ ፊት ነው። ሁለቱ ዓይኖች ብቻ ቢሄዱ ይበቃል። አይጥ ነው፣ እርጥበት ነው ይባላል።

ምላጩን ከወረቀቱ አወጣች። እጇ ወደ ግድግዳው ሄደ፤ ከሥዕሉ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ። የእኅቷን መልክ ረስታው እንደነበር ያኔ ነው ያወቀችው። ፎቶዎቹን ካቃጠለች ወዲህ ርብቃን ስታስብ የሚመጣላት የዝናቡ ቀን አጥንት ብቻ ነበር። ይኸው ግን ወገዳ እያሉ ከወንዝ ውሃ ስትቀዳ የምትስቀው ርብቃ፣ በልጅነቷ እሳት የነካት የግንባሯ ጠባሳ እንኳ ሳይቀር። በዓለም ላይ የርብቃ መልክ ያለው እዚህ ግድግዳ ላይ ብቻ ነው። ማሬም እናቷን የምታይበት ሌላ ቦታ የላትም።

«ካሣነሽ?»

መሪጌታ ነበሩ። ጣቶቿን ጨበጠች፤ ምላጩ መዳፏን ሰነጠቀው። ነጠላዋን በእጇ ላይ ጠቀለለች።

«አላስቻለሽም አይደል?» አሉ መሪጌታ፣ ሳይቆጡ። ቀረብ ብለው በሩን አዩ። «እኔም ያቺ ሴት ነገረ ሥራዋ አልገባኝ ብሎ ጠይቄዋለሁ። 'ለምን እንደ ሥርዓቱ በአንድ ዓይን አልሣልካትም?' ብለው ምን አለኝ መሰለሽ? 'ገና አልዞረችም፣ መሪጌታ። ሳትዞር በምን አውቄ እፈርድባታለሁ?' አለኝ። ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ነው እንዲህ የሚለኝ፣ እኔ አንገቴ ሊቀነጠስ።» ሳቁ። ከዚያ ወለሉ ላይ የወደቀችውን የደም ጠብታ አዩ። «እጅሽን ምን ሆነሽ ነው?»

«መጥረጊያው ወግቶኝ ነው» አለች። በቤተ መቅደስ ውስጥ ይህንም ዋሸች።

ቅዳሜ ኅዳር ሰባት ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ ይነፍስ ነበር። ቅዳሴው አልቆ ሰዉ ወደ ሴቶች መቆሚያ ሲገባ ቦታው አልበቃ ብሎ ገሚሱ በር ላይ ቀረ። መዘምራኑ ከፊት ናቸው፤ ማሬ ከመጀመሪያው ረድፍ፣ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ። ካሣነሽ ወረቀቷን ይዛ ከመጋረጃው አጠገብ ቆመች። መዳፏ በጨርቅ ታስሯል። የጻፈችው አራት ገጽ ነው፤ የትውልድ ዘመኑ፣ የተማረበት፣ የሣለባቸው አድባራት፣ ደግነቱ። ስለ ርብቃ አንድም ቃል የለበትም። ሌሊቱን እጽፈዋለሁ ብላ ነበር፤ ፈራች፣ አልጻፈችም።

መሪጌታ መጋረጃውን ሳቡት። ሰዉ እምም አለ። እልልታ ሆነ። ከዚያ እልልታው መካከል አንዲት ሴት «ወይኔ ልጄን!» ብላ ጮኸች፤ ሌላውም የየራሱን ሟች አገኘ፤ ለቅሶና እልልታ ተደባለቀ። ካሣነሽ ወደ ሰዉ ማየት ስላልቻለች ፊቷን ወደ ሥዕሉ አዙራ ማንበብ ጀመረች። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማት። አንድ ገጽ አነበበች። ሁለተኛውን ገለጠች።

«እቴቴ» አለች ማሬ ከኋላዋ። «እኔን ነው እንዴ የሣለኝ?»

ሰው ሁሉ ሥዕሉን አየ፣ ልጅቷን አየ። ካሣነሽ አልዞረችም።

«እሷው ናት!» አሉ ጋሽ አንዳርጌ በደስታ። «ተማሪው አልነበረች? ስለሚወዳት ነዋ!»

«ግን ስሙ የኔ አይደለም» አለች ማሬ። «እኔ ወለተ ማርያም ነኝ።»

«አርጅቶ ተሳስቶ ነው» አለ አንዱ። «ታሞም አልነበር?» አለች ሌላዋ። ሰዉ ጉዳዩን ራሱ ጠይቆ ራሱ መለሰ። ካሣነሽ ምንም መዋሸት አላስፈለጋትም፤ ውሸቱን ሌሎች ሠርተው አበጅተው አቀረቡላት። የሚጠበቅባት ራሷን መነቅነቅ ብቻ ነው። ነቅንቃ ሦስተኛውን ገጽ ብታነብ ማሬ ማታ አብራት ወደ ቤት ትሄዳለች፣ ነገም፣ ከነገ ወዲያም። ግን ግድግዳው ላይ ያቺ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች ሴት ልክ እንደ እሷ ለሰው ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ርብቃ ደግሞ በሁለት ዓይኗ ታያታለች።

በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ ፈርታ አታውቅም። ዞረች።

«አንቺ አይደለሽም» አለቻት። «እናትሽ ናት።»

ማሬ ፈገግ ልትል ዳዳትና ተወችው። «እናቴን የት አውቋት?»

«ቤሩት አልሄደችም። ዋሽቼሻለሁ። ይህን ሁሉ ሰውም ዋሽቼዋለሁ፤ የውሸት ለቅሶ አስለቅሸዋለሁ። ታማ ከመተማ መጣች። እሱ ነው ቤቱ አስገብቶ አምሳ ቀን ያስታመማት። እሱ ነው የቀበራት። ከዚሁ ግቢ ናት፤ ከዋንዛው ሥር።»

ከሰዉ መካከል አንድ ሰው ትንፋሹን ሲስብ ተሰማ። ማሬ ዓይኗን ከካሣነሽ ላይ አንሥታ ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብላ አየችው፤ ከአልጋው ጀመረች፣ ከበሩ ደረሰች። ልጅቷ ሞኝ አይደለችም፤ በሠዓሊ እጅ የተማረች ናት።

«በሩን የያዘችውስ?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

ማሬ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። በካሣነሽ አጠገብ፣ ሳትነካት፣ አልፋ ወደ ግድግዳው ሄደች፤ ከአልጋው ፊት ቆመች፤ በጣቷ የግንባሩን ጠባሳ ነካችው። ቆየች። ነፋሱ በሩን ያንገጫግጨው ነበር።

«ያን ቀን ምን አለችሽ?» ብላ ጠየቀች፣ ጀርባዋን እንደሰጠች።

ካሣነሽ አሥራ አንድ ዓመት ለማንም ያልነገረችውን ቃል አወጣችው።

«'ከጠዋት ጀምሮ አልበላችም' አለችኝ። ስለ አንቺ ነው።»

የልጅቷ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። አልዞረችም። ካሣነሽም ወረቀቱን አጥፋ፣ ፊቷን ወደ ልጅቷ ጀርባ አድርጋ፣ እስክትዞር ቆማ ጠበቀች።